ሰሙን የሚያስተካክል መስሎኝ

አይሊፍ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎቹን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ጉንቮር ካውያውን ሰክታ ትጠብቀው ነበር። አራት ክረምት ሙሉ እዚህ ቤት አልደረሰም። ያም ሆኖ የደረጃው ሦስተኛ እርከን ልል መሆኑን እግሩ አልረሳም፤ ሳያየው ተሻገረው። እግሩ ቤቷን ይህን ያህል ማስታወሱ አንገበገባት።

“ደህና ዋልሽ፣ ጉንቮር።”

“ደህና ዋልክ። እዚያ አስደግፋቸው።”

ግድግዳው ላይ የሟቹ ባሏ የቶርግሪም ዕቃዎች እንደ ድሮው በየምስማራቸው ተንጠልጥለዋል፤ መፋቂያው፣ ብሩሾቹ፣ ስኪው እንዲንሸራተት ከሥሩ የሚቀባውን ሰም ማሻው ቡሽ። አይሊፍ ቀና ብሎ አላያቸውም። ዘንድሮ በረዶው አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ሸለቆው ውስጥ ቀልጦ መልሶ እንደጠጠረ፣ ላይ ተራራው ላይ ግን አዲስ በረዶ ሊጥል እንደሚችል ለወለሉ ተናገረ። ጉንቮር ሬዲዮውን ሰምታለሁ አለችው። ሌላ ወሬ ሲያጣ ሊቀልድ ሞከረ።

“ቶርግሪም ቢኖር፣ ካውያሽ በዝቶ ግሏል ይልሽ ነበር።”

“ቶርግሪም የለም” አለችው። “ነገ ከሰዓት ና፣ ትወስዳቸዋለህ።”

ስኪህን እኔ ላሰናዳልህ ያለችው እሷው ራሷ ናት። ያለችውም በሰው ፊት፣ በሊስዳል የሸማቾች ሱቅ፣ ሰው ዳቦና ወተቱን ይዞ በተሰለፈበት ነው። ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየ። አይሊፍ እምቢ ቢል የሟች ጓደኛውን ሚስት እጅ ገፋ ሊባል ነው፤ ስለዚህ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ እሺ አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማታውን መንደሩ ሁሉ ጉንቮር ይቅር አለችው ብሎ ተኛ።

መንደሩ እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከቶርግሪም ሞት በኋላ ጉንቮር ሰም መቀባትን ተምራ፣ የጎረቤቱን ስኪ እየተቀበለች ስታሰናዳ ሰው ያየው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ ዕቃ ስትጽናና ነው። እሷም ሰው እንደዚያ እንዲያያት ትታዋለች። ሐዘኗን ለሰው ማሳየት አትወድም፤ ሌላውንማ ጭራሽ አላሳየችም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሊስዳል ሰው ከሸለቆው ተነስቶ፣ የስኮርቫን ተራራ ተሻግሮ፣ ማዶ እስካለችው ከተማ በስኪ ይወዳደራል። በተወሰነው ሰዓት የገባ ትንሽ የብር ዓርማ ይሸለማል። ዓርማው ከኮት አዝራር አይበልጥም፤ በዚያ አገር ግን ሰው የሚመዘነው በእሱ ነው፤ በሠርግም በቀብርም ይቆጠራል። ቶርግሪምና አይሊፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ሮጠዋል። የሁለቱንም ስኪ የሚያሰናዳው ቶርግሪም ነበር። የዛሬ አራት ዓመት፣ ከመጨረሻዎቹ የበርች ዛፎች በላይ፣ መንገድ ጠቋሚው የድንጋይ ክምር አጠገብ፣ የቶርግሪም ልብ ከዳው። ስኪው ከሚሄድበት ፈር ወጣ፤ ተንበረከከ፤ በስኪዎቹ ላይ ተደፋ። ብዙ ሳይቆይ አይሊፍ ከኋላው መጣ፤ አየው፤ አለፈ። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ገብቶ ዓርማውን ወሰደ።

ሲጠየቅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ሰሙን የሚያስተካክል መስሎኝ።”

ሰውም አመነው። ከፈር ወጥቶ በስኪው ላይ የተጎነበሰ ሰው፣ ሌላ ምን ይሠራል? ሰሙ ከበረዶው አልስማማ ብሎት እየፋቀ ነው፣ እየቀባ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ትኩር ብሎ ማየት ደግ አይደለም፤ ስህተቱን አደባባይ እንደ ማውጣት ነው። የክለቡ ሊቀመንበር ለቀብር መጥቶ የጉንቮርን እጅ ይዞ፣ እንዲያ ያለ የሰም ዐዋቂ በመጨረሻው ቀን ሰሙ መክዳቱ ያሳዝናል አላት። ሊያጽናናት ነበር ያለው።

ያኔ ነው ውስጧ የጠጠረው። ምክንያቱም የባሏን ስኪዎች ሰዎች መልሰው ሲያመጡላት፣ እዚሁ ምድር ቤት ውስጥ ገልብጣ አይታቸዋለች። ሰሙ ስስ፣ ልዝብና ንጹሕ ነበር፤ አንዲት የበረዶ ፍርፋሪ አልያዘም። የቶርግሪም ሰም በዕድሜው አንድ ቀን ከድቶት አያውቅም፤ በመንገድ ቆሞ ሲፋቅ ያየውም የለም። ይህን ደግሞ ከሷ ሌላ አስረግጦ የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ ዕድሜውን ሙሉ በቶርግሪም ሰም የተንሸራተተው አይሊፍ ነው። ስለዚህ ሰሙን የሚያስተካክል ሊመስለው አይችልም። ይህችን ከአፉ ልትሰማ ፈለገች፤ ሌላ ምንም። ሊቀመንበሩን ጠርታ ስኪዎቹን እይልኝ አለችው። እሱም ቡናውን እስኪጨርስ ተቀምጦ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

አሁን የአይሊፍን ስኪ አንዱን በሞርሳ አሰረች። አሮጌውን ሰም ፋቀች፤ በጨርቅ ወለወለች። ፊቱንና ኋላውን፣ የሚንሸራተተውን ክፍል፣ መጽሐፍ እንዳስተማራት ሳይሆን ባሏ ሲሠራ እንዳየችው አድርጋ ሠራችው። ሰሙን በካውያው አቅልጣ ጠብ ጠብ አደረገች፤ ጭስ ሳይወጣው፣ አንድ ቦታ ሳትዘገይ ቀባችው፤ ሲቀዘቅዝ ፋቀችው፤ በብሩሽ ፈተገችው። እንደ መስታወት አበራ። እዚህ ላይ ሥራዋ እንከን አልነበረውም። አይሊፍ እስከ በርቾቹ መጨረሻ እንደ ወፍ እንዲበር ትፈልጋለች።

ቀሪው የእግር ሥር ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ በረዶውን የሚነክሰው ክፍል። ሸለቆው ውስጥ ላለው ጠጣር በረዶ ሙጫ ሰም ግድ ነው፤ ማር ይመስላል፣ እንደ ማርም ይያያዛል። ይኸው ሙጫ ሰም ተራራው ላይ ያለውን አዲስ በረዶ ካገኘ ግን አይለቀውም፤ በረዶው ከእግር ሥር እየተደራረበ ሰውየውን ቋጥኝ ላይ እንደወጣ ያቆመዋል። እንዲህ ባለ ቀን ዐዋቂ የሚያደርገው ሙጫውን በስሱ መቀባት፣ ስኪውን ደጅ አውጥቶ እስኪጠጥር ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ደረቅ ሰም በላዩ አልብሶ በቡሽ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ሁለቱ ሰሞች መገናኘት የለባቸውም።

ጉንቮር ሙጫውን አወፈረችው። ደጅ አላወጣችውም። ገና ለብ እንዳለ ደረቁን ሰም ደረበችበትና በቡሽ አሸችው። እጇ መጀመሪያ እምቢ አላት፤ እንዲህ ያለ ነገር አልለመደም። አስገደደችው። ከላይ ሲያዩት ያማረ ነበር። የላዩ ደረቅ ሰም፣ የሸለቆው በረዶ እየሞረደውም ቢሆን፣ በርቾቹ መጨረሻ ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ አይቆይም።

ልትገድለው አልፈለገችም። እዚያ ክምር ጋ እንዲንበረከክ ነው የፈለገችው። ተንበርክኮ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሳያየው ሲያልፍ እንዲያይ።

በማግስቱ ከሰዓት መጥቶ ወሰዳቸው። በደጃፉ ብርሃን ገልበጥ አድርጎ ሥራዋን አየና አመሰገናት።

የውድድሩ ቀን ጉንቮር በራሷ ስኪ፣ በበጋ ጎጆዎቹ በኩል ባለው አቋራጭ፣ ገና በጠዋቱ ወጣች። ከቶርግሪም ወዲህ በውድድር ቀን ተራራው ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሬዲዮው አልዋሸም፤ ሌሊቱን የጣለው በረዶ እንደ ዱቄት ሆኖ ድንጋዩን ሁሉ አልብሶታል። ከክምሩ ማዶ፣ ከፈሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ የአጋዘን ቆዳዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ፔርሙዟን ጎኗ አቆመች፤ ቡናማ አይብ የተደረገበት ዳቦዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ አልበላችውም። ተመልካች በየቦታው እንዲህ ተቀምጦ ስለሚውል ማንም ልብ አላላትም።

ፈጣኖቹ አለፉ። መካከለኞቹ አለፉ። ከዚያ አረጋውያኑ ከበርቾቹ መሀል መውጣት ጀመሩ።

አይሊፍን ከሩቅ ያወቀችው በቁመቱ ነው፤ ከሌላው ሰው አንድ ክንድ የረዘመ ይመስል ነበር። በረዶው ከእግሩ ሥር ተቋጥሮ ይዞታል። አይንሸራተትም፤ እግሩን እያነሳ ይጥላል፤ በየመሀሉ እየቆመ ስኪውን በምርኩዙ ይመታል፤ ጥቂት ሄዶ ይመለስበታል። እየተጎተተ ክምሩ ጋ ደረሰ። ከፈሩ ወጣ። ስኪዎቹን አወለቀ። ተንበረከከ።

ጉንቮር ከጓንቷ ውስጥ ጣቶቿን ጨበጠች።

አንድ ሽማግሌ ከታች መጣ። ሳያየው ያልፋል ብላ ጠበቀች። ሰውዬው ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ።

“ደህና ነህ?” አለ።

“ሰሙን እያስተካከልኩ ነው” አለ አይሊፍ።

ሰውዬው ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ጠየቀ፤ አይሊፍም ያንኑ መለሰ። ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች መጡ። ሴትዮዋ ጠየቀች፤ ሰውዬው ብርቱካን ላካፍልህ አለ። አንድ ወፍራም ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ትንፋሽ ሳይኖረው፣ ጠየቀ። አንዱም ሳይጠይቅ አላለፈም። ጉንቮር ያሰበችው ይህን አልነበረም፤ በመጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ግን የአይሊፍን ጀርባ አየች። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ጀርባው ይሸማቀቃል፣ ጅራፍ እንዳረፈበት። መፋቂያው እጁ ውስጥ ነው፤ አይፍቅም። መልሱም እያጠረ መጥቶ “ሰሙን…” ብቻ ሆነ። ቀጣዩ ሰው ሲጠይቀው ቀና ሳይል እጁን ብቻ አነሳ።

ያ ሰው አለፈ። ከኋላው ግን ቀይ ኮፍያ ያደረገች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ነበረች። ከበርቾቹ በላይ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው፤ ለሽማግሌ የተለየ አክብሮት የለም። ደህና ነህ አለችው። እሱም እንደገና እጁን አነሳ። ሴቲቱ ቆመች።

“እጅ መልስ አይሆነኝም፣ አባቴ። በአፍህ ንገረኝ።”

“ሂጂ፣ ሰዓትሽ ይሞላል።”

“ሰዓቴን ተወው። እዚህ ክምር ጋ ማንም አፉን ሳይከፍት አያልፍም። አንድ ሰው እዚህ ሞቷል፤ አልሰማህም? ከዚያ ወዲህ በስኮርቫ ሕጉ ይኸው ነው።” ስኪዋን አውልቃ አጠገቡ ተንበረከከች፤ መፋቂያውን ከእጁ ወስዳ ስኪውን ገለበጠች። አይታ አፏጨች። “ይህን የቀባልህ ማን ነው? ጠላት አለህ እንዴ?”

“እኔ ነኝ” አለች ጉንቮር ከማዶ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ጉንቮር ተነስታ በረዶውን እየረገጠች መጣች። አይሊፍ ሲያያት አልደነገጠም። ይህ ደግሞ እሷን አስደነገጣት።

“አውቄዋለሁ” አላት። “ደጃፍሽ ላይ ሳየው በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ ገባ። ከሥሩ ለስላሳ ነበር።”

“አውቀህ ለምን ፍቀህ እንደገና አልቀባህም?”

“ዘንድሮ ዓርማውን አጣና… እኩል እንሆናለን ብዬ።”

“እኩል” አለች ጉንቮር።

ቃሉን ደግማ አፏ ውስጥ አላመጠችው። አራት ዓመት ሙሉ በምድር ቤት ውስጥ ስትፍቅና ስትቀባ የከረመችው ነገር፣ ለዚህ ሰው ዋጋው አንድ ዓርማ ነው። ቶርግሪም ዋጋው አንድ የብር አዝራር ነው። ልትጮህበት ትችል ነበር፤ ግን ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል።

“እኩል አይደለንም፣ አይሊፍ። ሰሙን የሚያስተካክል መስሎህ ነበር?”

ቀይ ኮፍያዋ ሴት መፋቋን አቆመች። አይሊፍ በረዶውን አየ።

“አይደለም” አለ። “የሱ ሰም ከድቶት አያውቅም። ሳየው ወዲያው አውቄያለሁ። ደግሞም…” የራሱን እጅ አየ። “እጁን አነሳ። ወደ እኔ እያየ እጁን አነሳ። እኔም እጄን አነሳሁለት። እንደ ሰላምታ። ሰዓቱ እንዳያልፈኝ አንድ ሰበብ ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ይኸው እጁን አነሳ፣ ደህና ነው አልኩ። አለፍኩ።”

የሰሙን ነገር ጉንቮር ታውቀው ነበር፤ አፉ እንዲለው ብቻ ነው የጠበቀችው። እጁን ግን አታውቅም ነበር። ቶርግሪም ራሱን ስቶ፣ ሳያውቅ፣ ሳይጠብቅ እንደሞተ ነበር ሐኪሙ የነገራት፤ በዚያም ተጽናንታ ነበር የምትተኛው። አሁን እጅ መጣ። ጓንት ያደረገ፣ የተዘረጋ እጅ፣ የሚያውቀውን ጓደኛውን የሚጠራ። ለማንም ያላሳየችውን ፊቷን ወደ ክምሩ አዞረች። መልሳ ስታዞረው እንደ ወትሮው ነበር።

ሴቲቱ የጀመረችውን መፋቅ ጨረሰች፤ ከኪሷ ደረቅ ሰም አውጥታ ቀባችለት፤ በቡሽ አሸችው። ስኪዎቹን ትይዩ አድርጋ አስቀመጠችለትና አሁን ከተነሳ በሰዓቱ እንደሚደርስ፣ ከዚህ በኋላ አብዛኛው ቁልቁለት እንደሆነ፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ ተናገረች። ከዚያ የራሷን አሰረችና ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየቻቸው።

“ሰማህ” አለችው ጉንቮር። “ጊዜ አለህ። ሂድ።”

አይሊፍ ወደ ላይ የሚሄዱትን ሁለት ፈሮች አየ። ዓይኑ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ጉንቮርም መቆየቱን አየች። ከዚያ የደረት ቁጥሩን በጭንቅላቱ በኩል አውልቆ አጣጠፈው።

“ምን ላድርግ ትያለሽ?”

“በመጣህበት ውረድ። ሰዉን ፊት ለፊት እያገኘኸው። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ሲያዩ ይጠይቁሃል፤ ሕጉ ነው አሉ። ለጠየቀህ ሁሉ ንገር።”

“ለሁሉም?”

“ለጠየቀህ ሁሉ። ለሊቀመንበሩም፣ ለገንዘብ ተቀባይዋም።”

አልተከራከረም። ስኪዎቹን አሰረ፤ ከፈሩ ጎን ባለው አዲስ በረዶ ላይ ቁልቁል ጀመረ። አሁን ስኪው በደንብ ይታዘዘዋል፤ የሚታዘዝበት አቅጣጫ ግን የተሳሳተው ነበር። ጉንቮር ቆማ ታየዋለች። ጥቂት እንደሄደ አንድ ጢማም ሰው ከታች ብቅ አለና ምርኩዙን ተክሎ አቆመው። አይሊፍ ሲናገር ከርቀት አየች። ሰውዬው ሰማ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አይሊፍን አልፎ ወደ ላይ መጣ። እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ያወቃት ይመስላል።

“ደህና ነሽ?” አላት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ መመለስ ከተወች ቆይታለች። “ምን ነገረህ?” አለችው።

ጢማሙ ሰው ተቸገረ። ጓደኛውን እዚህ ጥሎ ማለፉን ነገረኝ አለ፤ የሟቹ ሰም ደህና እንደነበረና ያንንም እያወቀ እንዳለፈ። መጥፎ ነገር ነው አለ፤ መናገሩ ግን ቀላል እንዳልሆነ ጨመረ።

“እጁን ማንሳቱንስ?”

“የማን እጅ?”

ጉንቮር ቁልቁል አየች። አይሊፍ ከበርቾቹ ዘንድ ሊደርስ ነው፤ ከዛፎቹ መሀል ሌሎች ሁለት ሰዎች እየወጡ ነው፤ አንዱ ሊጠይቀው አንገቱን አስግጓል።

ዳቦዋን፣ ፔርሙዟንና የአጋዘን ቆዳዋን እዚያው ተወች። ስኪዋን አሰረችና ተከተለችው።